የአባባ ትከሻ

ቢያዊስቶክ፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ 1998 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም እየሳልክ መሰላል ላይ ትወጣለህ? ብራሰልስ ዝናቡ አያባራም ይሉኛል። እኛ ዘንድ በረዶው ገና በኅዳር መሬቱን ሸፍኖታል። ድንቹ ጓዳ ገብቷል፣ ጎመኑም ተከትፎ በርሜል ውስጥ ተጠቅጥቋል። ላሟ ከብዳለች። እማዬ ደህና ናት። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከንዴቴ በቀር።

ንዴቴ ካንተ ይጀምራል። ደብዳቤህን የከፈትኩት አውቶቡስ ውስጥ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ፊቴን አይተው «ሰው ሞተብሽ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «የለም፣ ወንድሜ ነው የጻፈልኝ» አልኳቸው። «መድኃኒት ነው ብለሽ አባቴን ሽባ አደረግሽው፣ እንደ ላቦራቶሪ አይጥ ለፕሮፌሰሮችሽ ሰጠሽው፣ ደወል መደወል እንኳ አቃተው፣ አሁኑኑ ከሙከራው አውጪው» ትላለህ። ይህን የጻፈው ወንድሜ አባባ ሆስፒታል ሲመላለስ አንድም ቀን አላጀበውም። ግድ የለም፣ ሥራህን ትተህ መምጣት እንደማትችል አውቃለሁ። ግን ከሩቅ ሆኖ መፍረድ እንዴት ያለ ቀላል ነገር ነው!

እሁድ እሁድ ስትደውል ይህን ሁሉ ልነግርህ አልቻልኩም። ስልኩ ያለው ጎረቤታችን ሰርጊዩሽ ቤት ነው፤ ሰርጊዩሽ ደግሞ ምድጃ ላቀጣጥል ብሎ ተንበርክኮ፣ አንዲት ፍልጥ ሳይጨምር ንግግራችንን ከዳር እስከ ዳር ያዳምጣል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልህ ነው። እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳትናደድብኝ።

መጀመሪያ የአባባ የጨጓራ ካንሰር ምን እንደሆነ ልንገርህ። ግንበኛ ስለሆንክ ባንተ ቋንቋ ልሞክር። ጨጓራ ግድግዳ ነው። ከውስጥ ልስን አለው፣ ከልስኑ ሥር ስስ ንጣፍ፣ ከንጣፉ ቀጥሎ ጡንቻ፣ በውጪ በኩል ደግሞ ሽፋን። ይህን ሁሉ አጣብቆ የያዘው በሴሎቹ መካከል ያለው ማያያዣ ነው፤ በጡብና በጡብ መካከል እንዳለው ስሚንቶ። ሰው ካንሰር ይበላል ይላል እንጂ ካንሰር ጥርስ የለውም። የሚያደርገው ማያያዣውን የሚያሟሙ ኢንዛይሞች ማመንጨት ነው። ይባስ ብሎ ጎረቤት ያሉትን ጤነኛ ሴሎች አባብሎ እነሱም እንዲያመነጩለት ያደርጋል። ስሚንቶው ሲሟሟ ቀዳዳ ይከፈታል፤ በቀዳዳው ሾልኮ ደም ሥር ያገኛል። ከዚያ ወዲያ ጉበት ሩቅ አይደለም።

እኔ ወጣትነቴን የጨረስኩት እነዚህን ኢንዛይሞች በማይክሮስኮፕ ሳይ ነው። በቀለም ስንነክራቸው ቡናማ ሆነው ይወጣሉ። ዕጢው መሃል ላይ ብዙም የሉም። የሚደረደሩት ዳር ላይ ነው፣ ጤነኛው ሥጋ በሚጀምርበት ድንበር። የአባባን ሥጋ እኔ እንዳየው አልተፈቀደልኝም፤ ቤተሰብ ስለሆንኩ ሌላ ባልደረባዬ ናት ያየችው። ምን እንዳየች አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት። ከክፍሉ ስትወጣ ግን በዚያ ሰሞን ትሸሸኝ ነበር።

እንግዲህ የመድኃኒቱ ሐሳብ ይህን ኢንዛይም መዝጋት ነበር። ኢንዛይሙ ከተዘጋ ካንሰሩ ባይሞትም እንኳ ባለበት ይታሰራል ተባለ። ፕሮፌሰሩ ስለዚህ ሲያስተምር ዓይኑ ያበራል፤ የእኔም ያበራ ነበር። ችግሩ እነዚህ ኢንዛይሞች የካንሰር ንብረት አለመሆናቸው ነው። ቁስል ሲሽር፣ ጅማት ሲታደስ የሚሠሩት እነሱው ናቸው። ስለዚህ ሲዘጉ መገጣጠሚያ ይደርቃል። መጀመሪያ ትከሻ፣ ቀጥሎ የእጅ ጣት።

በሙከራው ውስጥ ግማሹ ሰው እውነተኛውን እንክብል ይወስዳል፤ ግማሹ ደግሞ በመልክም በመጠንም ያንኑ የሚመስል፣ ውስጡ ምንም የሌለበት። የትኛው ለማን እንደደረሰ የምትመረምረው ሐኪምም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም፣ በሽተኛውም አያውቅም። አባባ የፈረመው በራሱ ፈቃድ ነው። እኔማ «ቆይ፣ አስብበት» ብዬው ነበር። «ግማሽ ጨጓራዬን ቆርጠው ጥለውታል፤ በቀረው ግማሽ ቢሞክሩበት ምን አገባሽ?» ነው ያለኝ። አነጋገሩን ታውቀው የለ!

በወረቀት ላይ ምስጢር ነበር እንጂ ኮሪደሩ ውስጥ ምንም ምስጢር አልነበረም። ሕመምተኞቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተራ ሲጠብቁ ሁሉንም ነገር አወሩት። ትከሻው የታመመ እውነተኛው ደርሶታል፣ ያልታመመ ባዶውን እየዋጠ ነው። በዚህ ምክንያት ሕመም የሚያስቀና ነገር ሆነ ብልህ ታምነኛለህ? አንዱ ሽማግሌ «ትከሻዬ እንደ ሕፃን ልጅ ነው፤ ምንም አይሰማኝም» ብለው ሲያለቅሱ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ወይዘሮ ሌኦካድያ የምትባል፣ ከዋፒ ከተማ የምትመጣ ልብስ ሰፊ ነበረች። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ወሬ የማያልቅባት። ከእማዬ ጋር ወዲያው ነው የተወዳጁት፤ ስለ ኮክ ማርማላታ አሠራር ሲጨቃጨቁ ይውሉ ነበር። እሷ መርፌ መያዝ አቅቷት ነበር። ክንዷን ፀጉሯ ድረስ ማንሳት ስላልቻለች ማበጠሪያዋን እማዬ ናት የምትይዝላት። በሰኔ አንድ ቀን አባባ አጠገቧ ተቀምጦ ጥያቄ ያዘንብባታል። «የትኛው ትከሻ ነው መጀመሪያ የጀመረዎት? ጠዋት ነው የሚብሰው ወይስ ማታ? ሲነሳ ይወጋል ወይስ ዝም ብሎ ይከብዳል?» እሷ ሳቀችበት። «አቶ ባዚሊ፣ ዶክተሯ እንኳ እንዲህ አልጠየቀችኝ። ሊያገቡኝ ነው እንዴ?» አለችው። እማዬም «ውሰጂው፣ ላሟን ግን አልሰጥሽም» አለቻት። ኮሪደሩ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ። ለምን እንደሚጠይቃት ያኔ ልብ አላልኩም።

በሐምሌ አባባ ትከሻዬን አመመኝ አለ። ቀኙን ብቻ፤ ጠዋት የሚብስ፣ ሲነሳ የሚወጋ። እማዬ ቤታችንን በእልልታ ሞላችው ማለት ይቻላል። «አገኘው! እውነተኛው ለሱ ነው የደረሰው!» እያለች ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች። ባሌ ታመመ ብላ ስትፈነድቅ ያየቻት የሰርጊዩሽ ሚስት፣ እማዬን «ዊየራ አበደች» ብላት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ እማዬ በየማታው የፈረስ ቅባት የሚሉትን ታሸው ጀመር። ቤቱ በካምፎር ሽታ ታፈነ።

አባባም የቤተ ክርስቲያኑን ደወል መደወል ተወ። ያንን ነው አንተ የሰማኸው። ስንት ፋሲካ፣ ስንት ቁጥር የሌለው በዓል የደወለባቸውን ገመዶች ለሰርጊዩሽ አስረከበ። ሰርጊዩሽ ደወል ሲደውል ሰምተህ ታውቃለህ? ባልዲ ከደረጃ ላይ የወደቀ ነው የሚመስለው። አባባ ቅዳሴ ሲጀመር ከግቢው አጥር ጋር ተደግፎ ይቆማል፤ ያንን ኳኳታ ሲሰማ መንጋጋው ይንቀሳቀሳል። ቄሱ እንኳ አዝነው «እጅህን ይዤ ላግዝህ፣ አንዴ ብቻ ምታው» ብለውት ነበር። «አልችልም አባ፣ መድኃኒቱ ነው» አለ።

እኔስ ምን የተሰማኝ ይመስልሃል? አንተ የጻፍክልኝን ሁሉ እኔ ለራሴ ቀድሜ ነግሬዋለሁ። በሳምንቱ መጨረሻ ወደ መንደር ስሄድ ዓይኑን ማየት አፍር ነበር።

በመስከረም ሌኦካድያ ሞተች። እውነተኛውን ነበር የምትውጠው፤ በዚያ ማንም አልተጠራጠረም። ጣቶቿ እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ተቆልምመው ነበር። ኢንዛይሙን ዘጋንባት፣ እጇን ዘጋንባት፣ ካንሰሩ ግን በሌላ በኩል አልፎ ሄደ። እንዴት እንደሄደ ፕሮፌሰሩን ስጠይቀው «አንድ በሽተኛ ማስረጃ አይሆንም» አለኝ። ልክ ነው፣ አይሆንም። እኔም ለተማሪዎች እንዲሁ ነው የምለው። የዚያን ቀን ግን በሩን ከኋላዬ ወርውሬው ወጣሁ፤ መስታወቱ አለመሰበሩ ይገርመኛል።

ወሬውን ለአባባ ለመንገር ብዬ ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ሳልታሰብ መንደር ገባሁ። እማዬ ወተት ልታደርስ ሄዳለች። አባባን ቤት ስፈልገው የለም። ከጎተራው ኋላ ድምፅ ሰማሁና ዞርኩ። እንጨት እየደረደረ ነበር። ክምሩ ከራሱ በላይ ደርሷል። ትልልቁን የበርች ዛፍ ግንድ በሁለት እጁ ያነሳና ከላይ ያስቀምጠዋል፤ በቀኙም በግራውም፣ እያፏጨ። ከስቷል፣ ሱሪው በገመድ ነው የታሰረው፤ ትከሻው ግን ያው የድሮው ትከሻ ነው።

ዘወር ሲል አየኝ። እጁ ወዲያው ወደቀች፤ ፊቱንም አጨማደደ። «አሁን፣ አሁን ገና ተነሳብኝ» አለ።

«አባባ!» አልኩት።

ግንዱ ላይ ተቀመጠና ኮፍያውን አወለቀ። «ባዶው፣ ስኳሩ ነው የደረሰኝ» አለኝ። «ከመጀመሪያውኑ አውቄዋለሁ። አንድም ቀን የቆረጠመኝ ነገር የለም።» ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቅኩት፤ ጠየቅኩት ሳይሆን ጮህኩበት። በገዛ ልጁ ሥራ ላይ፣ በሐኪሟ ፊት፣ በውሸት ሕመም! እስክጨርስ ጠበቀኝ። «እናትሽ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ እንቅልፍ አልተኛችም ነበር» አለ። «እኔ የተኛሁ ሲመስላት ተነስታ ትንፋሼን ታዳምጣለች። ትከሻዬ ከታመመ ወዲህ ትተኛለች። ታንኮራፋለች እንዲያውም።»

የሌኦካድያን ሞት ነገርኩት። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ከዚያ ዛሬም ድረስ ጆሮዬ ላይ ያለውን ነገር ተናገረ። «እሷ እውነተኛውን እየዋጠች ሞተች፣ እኔ ባዶውን እየዋጥኩ እንጨት እደረድራለሁ። እንግዲህ አንቺ ተምረሻል፤ የትኛው ነው መድኃኒቱ?» ሊያሾፍብኝ አይደለም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ያንን ኢንዛይም ሳሳድድ ኖሬያለሁ። ከንዴቴ ብዛት እንጨቱን አነሳሁና አብሬው መደርደር ጀመርኩ።

ለእማዬ ሌኦካድያ ሱዋውኪ ከተማ ልጇ ዘንድ ሄዳለች እንድንላት አስማለኝ። እንዲሁ አልናት።

አሁን ደግሞ ሌላው ጭንቀት መጣ። የአባባ የሐሰት ሕመም በሙከራው ውስጥ ተመዝግቦ ከሆነ ውጤቱን ያበላሻል፤ እኔ ደግሞ አውቄ ዝም ማለት አልችልም። ሁለት ልብ ሆኜ ሰነበትኩና በመጨረሻ ሙከራውን ወደምትመራው ወደ ዶክተር ቦጉሚላ ገባሁ። አፌን ሳልከፍት «ስለ አባትሽ ትከሻ ከሆነ ተቀመጪ» አለችኝ። «ሲመጣ እጄን ይጨብጠኛል። ቀለበቴ ጣቴ ውስጥ ገብቶ ሊቀር ነበር። ትከሻ ያመመው ሰው ካፖርቱን ራሱ ከማንጠልጠያው ላይ አያወርድም። እንዳየሁት ነው የመዘገብኩት፤ ሰውዬው አመመኝ ይላል፣ ስመረምረው ምንም የለም ብዬ ነው የጻፍኩት። ሥራሽን ሥሪ።»

ያው እንግዲህ! እኔ በጸጸት ስቃጠል ሐኪሟ ከሐምሌ ጀምሮ ታውቃለች። አንተም «መድኃኒትሽ አባቴን ሽባ አደረገው» ብለህ ስትጽፍ፣ መድኃኒቱ ከአባባ ከንፈር አጠገብ ደርሶ አያውቅም። ፈልገህ ብትስቅም ፈቅጄልሃለሁ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ከሙከራው አውጪው ላልከው፣ ወጥቷል። ያወጣሁት ግን እኔ አይደለሁም። በኅዳር መጀመሪያ ሆዱን ፎቶ አነሱት፤ ካንሰሩ ጉበቱ ላይ ታየ። በሙከራው ደንብ ከዚያ ወዲያ እንክብል አይሰጥም። አባባ ቢያንስ የተጀመረውን ብልቃጥ ልጨርስ ብሎ ለመነ፤ ቦጉሚላ ደንቡን አስረዳችው። የወሰደው ምን እንደነበር አሁን እንኳ በእርግጥ ይነገረን ብዬ ፕሮፌሰሩ ዘንድ ሄድኩ። ሙከራው ሳያልቅ ለማንም አይገለጥም አለኝ። «ለአንቺ ብዬ ላፈርሰው?» አለ። ትክክል ነው! በዚህ ቤት ሁሉም ሰው ትክክል ነው፣ ሁሉም ደንቡን ያከብራል፣ አባቴ ብቻ ነው የሚሞ— ተወው።

ወደ ቤት ስንመለስ እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አባባ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ «ጨረስኩ! መድኃኒቱ ሥራውን ጨርሷል፣ ከእንግዲህ አያስፈልግህም አሉኝ» አላት። እኔ ወደ ላሟ ሄድኩ። እሱ ሲዋሽ ፊቴ አጠገቡ እንዲሆን አልፈለግኩም።

መድኃኒቱ ከቆመ ትከሻው መዳን አለበት አይደል? ዳነ። በትናንቱ የኅዳር ሚካኤል በዓል አባባ ከሰርጊዩሽ እጅ ገመዱን ተቀበለ። የደወሉ ግንብ ላይ ሲወጣ ሦስት ጊዜ ነው ያረፈው፤ ቄሱ ከኋላው ሆነው ይደግፉታል። ከዚያ ደወለ። ወንድሜ፣ ትልቁን በቀኙ፣ ትንንሾቹን በግራው፣ ልክ ልጆች ሳለን እንደሚያደርገው። ሰው ሁሉ ከየቤቱ ኮፍያውን አውልቆ ወጣ። የሰርጊዩሽ ሚስት «ባዚሊ ዳነ! ባዚሊ ዳነ!» እያለች አለቀሰች፤ ሰርጊዩሽ ራሱ «እንግዲህ ከሥራ ተባረርኩ» እያለ ሲስቅ ነበር። እኔ ጥርሴን ነክሼ ቆሜያለሁ። ሁሉንም በአንድ ቃል ዝም ማሰኘት እችል ነበር።

እማዬን ፈልጌ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ሻማ እያበራች ነበር። ለጤና የሚበራበት መቅረዝ ላይ አንድ ሻማ ቆሟል፤ የአባባ መሆኑ ገባኝ። እሷ ግን ከዚያ ሄዳ ለሙታን በሚበራበት ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሻማ ተከለች። ለአያታችን ይሆናል ብዬ ለማን ነው አልኳት።

«ለሌኦካድያ ነዋ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከሻማው ሳታነሳ። «ካቶሊክ ብትሆንም ሻማ አይነፈጋትም፤ ሞታለች።»

ማን ነገረሽ አልኳት። ማንም እንዳልነገራት አለችኝ። ሱዋውኪ ያለ ሰው ለወዳጁ አንድ ፖስት ካርድ ይልካል፤ ሌኦካድያን የመሰለች ወሬኛ ደግሞ ሁለት ትልክ ነበር አለች። ከዚያ ደወሉን ቆም ብላ አዳመጠች። «ግራ እጁ ትንሽ ዘገየች» አለችኝ። «ደክሞታል። ቶሎ ውጪና አውርጂው፤ በራሱ አይተውም።»

ሁለት እርምጃ ሄጄ ተመለስኩ። «እማዬ፣ ትከሻውን በየማታው ስታሺው…» አልኳት።

«አንዳንድ ቀን ግራውን አሸዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ቀኙን» አለችኝ። «እሱም አንድ ቀን የሚያመኝ ይህ አይደለም ብሎኝ አያውቅም።» ሻሿን አስተካከለችና፣ «ሂጂ አልኩሽ እኮ» አለች።

ሄጄ አወረድኩት። ላቡ በፊቱ ላይ ይወርዳል፤ ደስታው ግን ከፊቱ አልጠፋም። እቤት ገብቶ ከእማዬ የድንች ዳቦ ሁለት ጉርሻ በላ፤ ከዚያ በላይ አይወርድለትም። እማዬ አልጎተጎተችውም።

ዛሬ ጠዋት ወደ ከተማ ልመለስ ስል ለአንተ ደብዳቤ እንደምጽፍ ነገርኳት። ለፋሲካ እንደምትመጣ ነግረኸናል፤ ትኬቱን እስካሁን ካልቆረጥክ አትቁረጠው። የሚጻፈውን እሷ ነገረችኝ፤ አንድም ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ፦ «አባትህ ደህና ነው። ትከሻውም ለቆታል። ገናን ከእኛ ጋር አድርግ።»

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፣ ከመሰላል ይጠብቅህ፣ ሳልህን ያርቅልህ። አባባ ይመርቅሃል። እማዬ ትስምሃለች።

የተቆጣችህ፣ የምትወድህ
እህትህ